በአንዲት ፍሬ ጤፍ ልክ

አንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም። አንድ ሰው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ በ30 ሜትር ርቀት የተከመረ ድርቆሽ ላይ ፍላጻ ይሰድዳል እንበል። የመጀመሪያውን ሲለቅ አውታሩን የሳበው እጁ አገጩ ሥር አርፎ ነበር። ሁለተኛውን ሲለቅ እጁ እዚያው ያረፈ ይመስለዋል፤ ግን በአንዲት ፍሬ ጤፍ ልክ ዝቅ ብሏል። ሌላው ሁሉ ያው ነው፤ አቋሙም፣ ጉልበቱም፣ ዓይኑም። ሁለተኛው ፍላጻ ከመጀመሪያው ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይሰካል።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ፍላጻው 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ከጭራው በኩል የተፈጠረችው የ1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ፣ ፍላጻው የራሱን ርዝመት ያህል በተጓዘ ቁጥር ሌላ 1 ሚሊ ሜትር ትጨምራለች። በ30 ሜትር ውስጥ 43 ጊዜ ትደጋገማለች። ርቀቱ የኦሎምፒኩ 70 ሜትር ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ 10 ሴንቲ ሜትር በደረሰ ነበር።

በደጋን የሚያድኑ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሚያጠፉት ይህችን ፍሬ ጤፍ ሲያሳድዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለጀማሪ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ይመስለዋል። ዒላማ መምታት የዓይን ጥራት፣ የክንድ ጉልበት፣ የውድ መሣሪያ ጉዳይ ነው ብሎ ይነሣል። ሦስቱም ያግዛሉ፤ አንዳቸውም ግን ዋናው አይደሉም።

ስሙን አስቀድሞ ማጥራት ይበጃል፤ አማርኛ እዚህ ላይ ትንሽ ይዋልላልና። አንዱ “ቀስት” ሲል የሚጎብጠውን እንጨት ማለቱ ነው፤ ሌላው የሚወነጨፈውን። በዚህ ጽሑፍ የሚጎብጠው ደጋን፣ የሚወነጨፈው ፍላጻ ይባላል። ደጋን ከአገር ቤት ያልጠፋ ዕቃ ነው፤ ጥጥ የሚነድፉ እናቶች የተወጠረ አውታሩን እየመቱ ጥጡን ያፍታቱበታል። “ነደፈ” የሚለው ግስ ራሱ በግዕዝ በፍላጻ መውጋትንም ያመለክታል። ጥጥ ነዳፊዋና ቀስተኛው በአንድ ግስ የሚጠሩ ባለሙያዎች ናቸው።

የዚህ መሣሪያ ዕድሜ በኢትዮጵያ ምድር እጅግ የራቀ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 “ኔቸር” የተባለው የሳይንስ መጽሔት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በመተማ አቅራቢያ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተካሄደ ቁፋሮ ውጤት አትሟል። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፐልማን የተመራው ቡድን ሽንፋ መተማ 1 በተባለው ሥፍራ፣ በኢንዶኔዥያ የቶባ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ዘመን፣ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎችን ዱካ አግኝቷል። ከድንጋይ መሣሪያዎቹ መካከል ትንንሽ፣ ጎንና ጎናቸው የተመጣጠነ ባለ ሦስት ማዕዘን ሹሎች ነበሩ። ተመራማሪዎቹ እነዚህ በእጅ ለሚወረወር ጦር እጅግ ያነሱ፣ ለፍላጻ ጫፍ ግን የሚመጥኑ ናቸው ብለዋል። ትርጓሜያቸው ትክክል ከሆነ፣ በዓለም ላይ ከታወቁት ጥንታዊ የደጋን ማስረጃዎች አንዱ የመተማ ቆላ ውስጥ ነው ማለት ነው።

“የተመጣጠነ” የሚለው ቃል ሊታለፍ አይገባም። ጎኑ የከበደ ሹል ፍላጻውን እያዞረ ከመንገዱ ያወጣዋል። ያን ድንጋይ የጠረበው ሰው ይህን በልምድ ሳያውቀው አልቀረም፤ የዛሬዎቹ ባለሙያዎችም ጫፉን እያሽከረከሩ መቃናቱን የሚመረምሩት ለዚሁ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ረጅም ነው። የ16ኛው መቶ ዘመን ጸሐፊው ዐረብ ፈቂህ የኢማም አሕመድን ዘመቻ ሲተርክ ማያ የተባሉትን ሰዎች በመርዘኛ ፍላጻቸው ያነሣቸዋል። በጉሙዝ ሕዝብ ዘንድ ደጋን እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ከወንድ ትከሻ የማይለይ ነበር። በቦረናና በኬንያ የሚኖሩት የዋታ አዳኞች ደግሞ ብርቱ ክንድ ብቻ በሚገትረው ደጋናቸው ዝሆን ሳይቀር ይጥሉ ነበር። የዋታ ዋና ኃይል ግን ያለው በፍላጻው ላይ በሚቀባው መርዝ ነው። ኦሮሞዎች ቀራሩ ከሚሉት ዛፍና ከዘመዶቹ የሚወጣው ይህ መርዝ ልብን ያቆማል። ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ እ.ኤ.አ. በ1888 ንጥረ ነገሩን ለይቶ ካወጣው በኋላ፣ ከሶማልኛው “ዋባዮ” በተወሰደ ስም “ኡዋባይን” ተብሎ ለልብ ሕክምናም ውሏል።

መርዝ ካለ ፍላጻው የትም ቢያርፍ ሥራውን ይሠራል። የዘመኑ አዳኝ ግን መርዝ የለውም። ጥይት በሚያደርሰው ድንጋጤና ስብራት ሲገድል፣ ፍላጻ የሚገድለው በመቁረጥ ነው። ስለቱ ልብን ወይም ሳንባን ካገኘ እንስሳው በሴኮንዶች ውስጥ ይወድቃል፤ ሆዱን ወይም ጭኑን ካገኘ ግን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ሲሰቃይ ይኖራል። በድኩላ መጠን ባለ እንስሳ ላይ ያ የልብና የሳንባ ሥፍራ ከአንድ የወጥ ሳህን ብዙ አይሰፋም። ስለዚህ አነጣጥሮ መምታት በአደን ውስጥ የብልጫ ጉዳይ አይደለም። እንስሳውን ላለማሰቃየት ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው።

ከዚህ የሚወጣ መለኪያ አለ። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ይሰቀልና ቀስተኛው ከ10 ሜትር ይጀምራል። ፍላጻዎቹ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ሳህኑ ላይ ካረፉ 2 ወይም 3 ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል። አንዱ እንኳ የሚስትበት ርቀት ላይ ሲደርስ ድንበሩን አገኘ። ከዚያ ወዲያ ያለ እንስሳ ለእርሱ የሚታይ እንጂ የሚታደን አይደለም። በተራ የእንጨት ደጋን ለሚለማመድ ሰው ይህ ድንበር 15 ወይም 20 ሜትር ቢሆን አያሳፍርም።

ርቀት የሚፈራበት ሌላም ምክንያት አለ። ከእንጨት ደጋን የወጣ ፍላጻ በሴኮንድ 55 ሜትር ገደማ ይበራል። 30 ሜትር ለመድረስ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል፤ በዚያች ቅጽበት ምድር ወደ ታች ትስበዋለች። እንስሳው 30 ሜትር ላይ ነው ብሎ ያነጣጠረ ሰው ርቀቱ በእርግጥ 35 ሜትር ቢሆን፣ ፍላጻው ሩብ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ከሳህኑ ይወጣል። 40 ሜትር ቢሆን ደግሞ ስህተቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ሙሉ የእንጀራ ምጣድ ያህል ማለት ነው። በተጨማሪም የአውታሩ ድምፅ እንስሳው ጆሮ የሚደርሰው በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ባልሞላ ጊዜ ነው። የደነገጠ ድኩላ ለመፈትለክ ጉልበቱን ሲያጥፍ ፍላጻው ገና መንገድ ላይ ነው።

እንግዲህ አቋም። ነገሩ ከእግር ይጀምራል። ቀኝ እጁን የሚያዘወትር ሰው ግራ ጎኑን ወደ ዒላማው ሰጥቶ፣ እግሮቹን በትከሻው ስፋት ከፍቶ፣ ክብደቱን በሁለቱ እኩል አሳርፎ ይቆማል። ከወገብ በላይ ያለው አካል በቀጥታ ይቆማል እንጂ ወደ ኋላ አይንጋደድም። ጀማሪ የሚንጋደደው ብዙውን ጊዜ ደጋኑ ስለሚከብደው ነው። መድኃኒቱ ልል ደጋን መያዝ ነው። ከ10 እስከ 13 ኪሎ በሚሆን ኃይል የሚሳብ ደጋን ለትምህርት በቂ ነው፤ ለአደን የሚሆነው ከባዱ አካሉ ሥርዓቱን ከለመደ በኋላ ይደርሳል። በከባድ ደጋን የተጀመረ ትምህርት የሚተክለውን ስህተት ለመንቀል ዓመት ይወስዳል።

ደጋኑን የያዘው ግራ እጅ አይጨብጥም። ደጋኑ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ባለው ስርጉድ ላይ ያርፋል፤ ጣቶቹ ልል ናቸው። የጨበጠ እጅ በለቀቀ ቁጥር ደጋኑን በጥቂቱ ያጣምመዋል፤ ፍላጻው ያለ ምክንያት ወደ ግራና ቀኝ የሚበተንበት ሰው መጀመሪያ መመርመር ያለበት ይህንኑ ጭብጥ ነው።

ቀኝ እጅ ላይ ሌባ፣ የመሃልና የቀለበት ጣቶች በመጀመሪያው አንጓቸው አውታሩን ይይዛሉ። መሳቡ የክንድ ሥራ ይመስላል፤ የሚሠራው ግን ጀርባ ነው። ክንድ ብቻውን የሳበው ደጋን ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ይንቀጠቀጣል። በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ያለው ሰፊ ጡንቻ የሳበው ጸጥ ብሎ ይቆያል። ልዩነቱን ለማወቅ ቀኝ ክርን የት እንዳለ ማየት ይበቃል፤ ከጎን ለሚያይ ሰው ከፍላጻው ጋር በአንድ መስመር ከሆነ ጀርባ ሥራውን ይዟል።

ከዚያ የማረፊያው ነጥብ ይመጣል፤ የመግቢያዋ ፍሬ ጤፍ ያለችውም እዚህ ነው። እጁ ፊት ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ማረፍ አለበት። አንዳንዱ ሌባ ጣቱን ከአገጩ አጥንት ሥር ያስገባል፤ በእንጨት ደጋን የሚያድን ብዙ ሰው ደግሞ የመሃል ጣቱን ጫፍ የአፉ ጥግ ላይ ያሳርፋል። የትኛውም ይሁን፤ ሥጋ ሳይሆን አጥንት ወይም ጥርስ ላይ ቢመሠረት ይሻላል፣ ሥጋ ይሸሻልና። ጥንቁቅ ቀስተኞች ሁለተኛ ምልክትም ይጨምራሉ፤ አውታሩ አፍንጫን ጫፉ ላይ እንዲነካ ያደርጋሉ። ሁለቱም ካልተነኩ አይለቁም።

መልቀቅ ደግሞ ድርጊት አይደለም። ጣቶቹን ለመክፈት የሚሞክር ሰው እጁን ወደ ውጭ ይጎትታል፤ አውታሩም ይከተለዋል። ጀርባው መሳቡን ሳያቆም ጣቶቹ መያዛቸውን ሲተዉ አውታሩ በራሱ ያመልጣል፤ ቀኝ እጅም በጉንጭ ጥግ ወደ ጆሮ ይንሸራተታል። ግራ እጅ ፍላጻው እስኪሰካ ድረስ አይወርድም። የት እንደመታ ለማየት እጁን የሚያወርድ ሰው፣ ሳያውቀው ፍላጻው ደጋኑን ሳይለቅ ማውረድ ይጀምራል።

ዓይን ዋናው እንዳልሆነ የሚመሰክሩ አሉ። የሰበታ ስም ሲነሣ ብዙ ኢትዮጵያዊ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቷን ያስታውሳል። በዓለም የፓራ ስፖርት ውስጥ ደግሞ ማየት የተሳናቸው ቀስተኞች የራሳቸው ውድድር አላቸው፤ ከቤት ውጭ የሚወዳደሩት በዚያው በ30 ሜትር ነው። እግራቸውን የሚያስተካክሉበት መደገፊያ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ የተተከለ ጫፍ ደጋን የያዘውን እጅ ጀርባ በስሱ ይነካል፤ ከኋላ የቆመ ረዳት ፍላጻው የት እንዳረፈ ይነግራቸዋል። የቀረው ሁሉ የእጅ፣ የጀርባና የጉንጭ ስሜት ነው። ዒላማውን ይመታሉም።

ደቡብ ኮሪያዊው ኢም ዶንግ ህዩን ሌላው ምስክር ነው። ዓይኖቹ እጅግ የደከሙ ነበሩ፤ በተለይ የግራው የማየት አቅም 20/200 ተብሎ የተመዘገበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ የመክፈቻ ዙር 72 ፍላጻዎችን በ70 ሜትር ለቅቆ ከ720 ነጥብ 699 አመጣ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነለት። ከዚያ በፊት በአቴንስና በቤጂንግ ከቡድኑ ጋር ወርቅ ወስዷል። አሜሪካዊው ማት ስተትዝማን ደግሞ ያለ ክንድ የተወለደ ነው፤ ደጋኑን በእግሩ ይዞ በ2024 የፓሪስ ፓራሊምፒክ ወርቅ አጥልቋል። ከእነዚህ ሰዎች በኋላ “ዓይኔ ደካማ ነው፣ ክንዴ ቀጭን ነው” የሚል ጀማሪ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይኖርበታል።

አሠልጣኞች ለሚያይ ሰውም ይህንኑ ያለ ዓይን መልቀቅ ያዝዛሉ። ተማሪው ከድርቆሹ 3 ሜትር ብቻ ርቆ፣ ምንም ምልክት ሳይለጠፍ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይለቃል፤ ይህ የሚደረገው ከኋላው ምንም ነገር በሌለበትና ሌላ ሰው አጠገቡ ቆሞ በሚጠብቅበት ሥፍራ ብቻ ነው። የሚስተው ነገር ስለሌለ አእምሮው አካሉን ማዳመጥ ይጀምራል። በቀን 30 ፍላጻ እንዲህ የለቀቀ ሰው በወሩ መጨረሻ የሚያገኘው ለውጥ፣ በ30 ሜትር 100 ፍላጻ ከበተነው ይበልጣል።

ይህ ልምምድ አንድ ክፉ ሕመምም ይፈውሳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ የዒላማ ድንጋጤ ይሉታል። ሰውየው የዒላማውን መሃል ገና ሳያገኝ ጣቱ ያመልጠዋል፤ ወይም እጁ ከመሃሉ በታች ተቸክሎ አልወጣ ይላል። ብዙ ዓመት የለቀቁ ቀስተኞችን ሳይቀር ይይዛል። የሚመጣው ማየትና መልቀቅ በአእምሮ ውስጥ በአንድ ገመድ ስለሚታሰሩ ነው። ገመዱን የሚፈታው ዒላማ የሌለበት ድርቆሽ ነው፤ ሌላው መንገድ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ስቦ፣ አነጣጥሮ፣ ሳይለቁ መልሶ ማውረድ ነው። አዳኝ ከሁሉ በላይ ሊችለው የሚገባው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ድኩላው ዞር ሲል ወይም ቅርንጫፍ ሲጋርደው የሳበውን ደጋን በሰላም መመለስ።

ፍላጻውም የራሱ ጠባይ አለው። አውታሩ ሲገፋው እንደ ልምጭ ይጎብጣል፤ ደጋኑን ታክኮ እየተወዛወዘ ያልፍና ከዚያ ይቃናል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላረንስ ሂክማን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በፈጣን ካሜራ ይህን አሳይቷል። ለደጋኑ ከሚገባው በላይ የደረቀ ፍላጻ ወደ አንድ ጎን፣ እጅግ የላላው ወደ ሌላው ጎን ይሄዳል። ላባው የተነቀለ ፍላጻን ላባ ካላቸው ጋር በአጭር ርቀት ለቅቆ ማወዳደር ስህተቱ የሰውየው ይሁን የፍላጻው ይለያል። ደጋን ያለማቋረጥ የሚቀያይሩ ሰዎች ይህን ፈተና ቢያውቁት ብዙ ገንዘብ ይተርፋቸው ነበር።

ቦታውም የራሱ ጠባይ አለው። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ መልክዓ ምድራቸው ግን ለየቅል ነው። በቡራዩ በኩል እንደ ገፈርሳ ባለ የውሃ ማጠራቀሚያ ዳር፣ ነፋሱን የሚከለክል ዛፍ በሌለበት ገላጣ ላይ፣ የጎን ነፋስ ፍላጻን ሲገፋ ማየት ይቻላል። ሰፊ ላባ ያለውን የበለጠ ይገፋዋል። መፍትሔው መቅረብ ወይም መተው ነው።

የሱሉልታ ጉዳይ ከፍታና ዳገት ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ፍላጻን ያን ያህል አይዘውም፤ ግን በ20 ሜትር ርቀት ልዩነቱ ከቀስተኛው ስህተት ያነሰ ነው። ዳገቱ ይበልጥ ያታልላል። ወደ እንጦጦ በሚወጣው ተዳፋት ላይ 30 ዲግሪ ወደ ላይ 40 ሜትር የራቀ ዒላማ፣ ምድር ፍላጻውን የምትስበው 35 ሜትር ገደማ እንደሆነ አድርጋ ነው፤ ወሳኙ አግድም ያለው ርቀት ስለሆነ። ወደ ታች ሲለቀቅም ያው ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ያላወቀ ሰው በላይ ያሳልፋል። በዳገት ላይ የሚታጠፈው ወገብ ነው፤ ክንድ ብቻውን ከፍ ካለ በሜዳ የተማረው የጀርባና የክርን መስመር ይሰበራል።

የአደን ጉዳይ ከሕግ ጋር የተያያዘ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ከሰበታ ብዙም የማይርቀው የመናገሻ ሱባ ደን፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ ባስመጡት የጥድ ዘር እንደተተከለ የሚነገርለት፣ የምኒልክ ድኩላ መኖሪያ ነው፤ የማንም ደጋን መለማመጃ አይደለም። ደጋን ይዞ ማየት ብቻ ለሚፈልግ፣ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ቀስትን ከመዝናኛዎቹ መካከል አካትቷል። ለልምምድ ግን ከጥቅምትና ከኅዳር አጨዳ በኋላ የሱሉልታ ድርቆሽ አለ፤ በጥብቅ የታሰረና ከኋላው ሰውም ከብትም የማያልፍበት ከፍ ያለ የአፈር ክምር ያለው።

ልምምድና አደን ግን አንድ አይደሉም። ከካሊፎርኒያ የያሂ ሕዝብ በሕይወት የቀረው የመጨረሻው ሰው ኢሺ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ከጫካ ከወጣ በኋላ ሐኪሙን ሳክስተን ፖፕን ደጋን አስተማረው። ፖፕ በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ በደጋን ማደን በአሜሪካ እንዲያንሠራራ አድርጓል። ኢሺ በሩቅ የወረቀት ዒላማ ላይ በነጮቹ የሚበለጥ ነበር። በጫካ ግን ማንም አይደርስበትም፤ እንስሳው እስኪቀርብ መጠበቅ ያውቃልና። ሩቅ ዒላማ ላይ 60 ፍላጻ እየለቀቀ በአማካይ ውጤቱ የሚኮራ ቀስተኛ ይህን ልብ ሊለው ይገባል። ውድድር 72 ፍላጻ ይሰጣል፤ ጫካ የሚሰጠው አንድ ነው፤ እርሱም ሳያሟሙቁ፣ ብርድ በገባው ጣትና በሚመታ ልብ የሚለቀቅ።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው አዳኞች አንድ ልማድ አላቸው። ጠዋት፣ ሌላ ነገር ሳይነኩ፣ የሱሉልታ ሯጮች ለልምምድ በሚወጡበት ሰዓት፣ ዳገቱን ፈጥነው ይወጣሉ። ትንፋሻቸው ገና ሳይሰበሰብ ድርቆሹ ፊት ይቆማሉ። ጭብጣቸውን ያላላሉ፣ ጀርባቸው ይስባል፣ ጣታቸው ከአገጫቸው አጥንት ሥር ይገባል፣ አውታሩ አፍንጫቸውን ይነካል። አንድ ፍላጻ ይለቃሉ። የት እንዳረፈና ስንት ሜትር እንደነበር በማስታወሻ ደብተር ላይ ጽፈው፣ ሁለተኛ ሳይለቁ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።